አባቴ የስኬቲንግ ፍሬም ሲመርጥ

በዚያ በጋ መርሳ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚገባው ከስንት አንዴ ነበር። ጦርነቱ ከእኛ ከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን ራቅ አለ እንጂ አላለቀም፤ ነዳጅ የለም፣ መንገዱም ጭር ብሏል። ለትልልቆቹ ጭንቅ ነው። ስኬቲንግ ለምንጫወተው ለእኛ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ እንደዚያ ያለ ሰፊ ሜዳ በሕልማችንም አይተን አናውቅም።

መናኸሪያው ዳር ረጅም የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። ልጆቹ ዘለው ጠርዙ ላይ ይወጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንሸራተቱበታል። ይህን የቻለ ቡድኑ ውስጥ ይገባል፤ ያልቻለ ዳር ቆሞ የሌሎቹን ጫማ ይጠብቃል። እኔ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ እነሱ ግን ይምላሉ።

"ወላሂ ሴት ስለሆንሽ አይደለም፣ ስለማትዘይ ነው!"

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የፍሬሜ ነበር። ፍሬም ማለት ከጫማው ሥር ሆኖ ጎማዎቹን የሚይዘው ነው። የኔ ሲሰበር ብየዳ ቤት ወሰድኩትና ሰውዬው ከግቢ በር በተረፈ ብረት ሠራልኝ። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር የሰው ግቢ በር አብሮኝ የሚነሳ ይመስለኛል።

አባቴ የከብት ነጋዴ ነው። ገበያው ስለቀዘቀዘ ቤት ይውላል። የሚመርጠው ከብት ቢያጣ እናቴ የገዛችውን ሽንኩርት አንድ በአንድ እያገላበጠ ይመረምር ጀመር። እናቴን መረራት።

"ወልድያ ይዘሽው ሂጂልኝ" አለችኝ። "ያንን ያልሽውን ፍሬም ይምረጥልሽ፣ እኔም ልረፍ።"

ከስንት አንዴ በመጣው አውቶቡስ ሄደን ወልድያ ያገኘነው ሱቅ መስታወቱ ረግፎ በሸራ ተሸፍኗል። ወጣቱ ሻጭ ሦስት ፍሬም ደረደረልን፤ አንድ ወፍራም ብረት፣ ሁለት ቀላል። አባቴ በቀጥታ ወደ ብረቱ ሄደ። በዱላው አንኳኳው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው።

"ይሄ ነው! ደረቱን አየሽልኝ?"

"አባ፣ ደረት እኮ የለውም።"

ከቀላሎቹ አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለና "ይሄስ ምን ነክቶት ነው? ታሞ ነበር?" አለ።

"አሉሚኒየም ነው አባባ" አለ ሻጩ።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ክፉ ቀን ነው፣ የሚያበላው አጥቶ ነው። አይፈረድበትም።"

ብረቱን ከገዛ አለቀልኝ፤ ዕድሜ ልኬን የሰው ጫማ ስጠብቅ ልኖር ነው። እንባዬ መጣ። ሻጩ አይቶኝ ነው መሰለኝ ጣልቃ ገባ።

"አባባ፣ ልጅዎ የፈለገችው እኮ የሚጎትት አይደለም። የሚዘል ነው።"

የአባቴ ፊት በራ።

"ታዲያ ፍየል ነው አትለኝም ኖሯል? ስንት ሰዓት ሙሉ በሬ ስታስመርጠኝ!"

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ሁለተኛው ቀላል፣ ነጩና የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ ላይ ነበር። እሱ ያዘና ጠመዘዘው፤ እጥፍ እጥፍ አለ። "ወገቧ ልል ነው፣ ተያት።" አሉሚኒየሙን ሲጠመዝዘው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ገልብጬ ሳየው መሐሉ ደህና አድርጎ ጎድጎድ ብሏል፤ አግዳሚው ጠርዝ ላይ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

የቀረው ዋጋ ነው። አባቴ ከአፋር ነጋዴዎች እንደለመደው የሻጩን እጅ ትከሻው ላይ በጣለው ፎጣ ሥር ሳበና ዋጋውን በሚጨብጠው ጣት ቁጥር ሊነግረው ሁለት ጣቱን ጨበጥ አደረገ። ሻጩ ሰላምታ መሰለው።

"አልሐምዱሊላህ አባባ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?" ብሎ በሙሉ እጁ ጥብቅ አድርጎ ጨበጠው።

አባቴ እጁን መነጨቀ። "ኧረ እዘን! በአንድ ጊዜ አምስቱንም ጣት?"

እኔ መሐል ገብቼ በአፍ ተነጋገሩና አሉሚኒየሙን ገዛን።

በማግስቱ መናኸሪያ ስደርስ አግዳሚው ላይ ሥራ የፈቱ የከብት ነጋዴዎች ተደርድረዋል። አባቴ ነው የጠራቸው። እያቃሰቱ ተነሱልኝ። ሮጥኩ፣ ዘለልኩ፣ ጠርዙ ላይ ወጣሁ፤ እስከ ጫፉ ሸሸሸ ብዬ ሄድኩ። ስወርድ ግን በጉልበቴ ተደፋሁ።

"ወድቃለች፣ አይቆጠርም!" አሉ ልጆቹ።

ከነጋዴዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት ዱላቸውን አነሱ።

"አግዳሚውን ጨርሳለች ወይስ አልጨረሰችም?"

"ጨርሳለች አባባ፣ ግን..."

"የወደቀችው የት ነው?"

"መሬት ላይ።"

"ስለ መሬት ውል ነበራችሁ?"

ልጆቹ ተያዩ። "አልነበረንም።"

"በሉ አስገቧት። ታረቁ።"

"ኧረ አልተጣላንም!"

"ታረቁ አልኩ!"

እየሳቁ አንድ በአንድ እጄን ጨበጡኝ። አባቴ መጨረሻ መጣና ተንበርክኮ፣ የሚደማ ጉልበቴን አልፎ፣ ፍሬሙን እያገላበጠ ያይ ጀመር።

"አባ፣ ጉልበቴስ?"

"ጉልበትሽን አውቀዋለሁ፣ ይድናል። ይሄን ግን ገና ትናንት ነው ያገኘሁት።"

ተነሣሁና ልጆቹ የተሰለፉበት ሄጄ ተራዬን ያዝኩ።