ስንት ስፒከር ቀጠልክበት?

ዛሬ ጠዋት የቴሌቪዥን ሪሞት ኪሴ ከትቼ ፒያሳ ወጣሁ። ስልኬ መስሎኝ ነው። ሱቅ ገብቼ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ለልጄ ልደውል ብዬ ቁጥሩን ስጫን ስጫን፣ ሻጩ ወጣት አይቶ አይቶ፣ «አባባ፣ ቻናል እየቀየሩ ነው?» አለኝ። ሱቁ ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በዕድሜዬ የሠራሁት ጥፋት ሁሉ እንደዚህ የሚያስቅ ቢሆን ኖሮ!

የሄድኩት ድምፅ ፍለጋ ነው። ልጄ የገዛችልኝ ቴሌቪዥን ምስሉ ግድግዳ ያህላል፣ ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ እንደሚያወራ ሰው ነው። ለጡረተኛ ኪስ የምትሆን ትንሽ አምፕሊፋየርና ስፒከር አምሮኝ ነበር። ሻጩ ልጅ አንዷን ከመደርደሪያ አወረደና፣ «ስንት ስፒከር ነው የሚቀጥሉበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ክፋት አለው? እኔ ግን «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል። ያኔም ሳልመልስ ነው የወጣሁት።

እንግዲህ ስሙኝ። ይህን የሰማ ጆሮ የለም። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳታውቀው ሞተች። ለንስሐ አባቴም በጾም የቀመስኳትን ወተት ሳይቀር ስዘረዝር ኖሬ ይህችን ብቻ እዘላታለሁ። በመዝለል ላይስ ጎበዝ ነኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰው ሁሉ በ«ጓድ» የሚጠራራበት። እኔ ቀበሌ ተቀጥሬ ነበር። ጸሐፊ ነኝ እል ነበር እንጂ ሥራዬ ደብዳቤ ማድረስ፣ ወንበር መደርደርና ጓድ ሊቀመንበሩ ሲስቁ መሳቅ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ የምትገኝ ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ከአገር ከወጣ አንድ ፈረንጅ በርካሽ የገዛኋት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረችኝ፤ ለግቢው ብቸኛዋ እሷ ናት። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ነው። ድምፅዋ ግን ብርጭቆ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነው። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥኗ ንግግር ሲያደርጉ አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ፣ «ኧረ ይሄን ሰውዬ ጉሮሮውን የያዘው ማነው?» ብለው ሁላችንንም አስደነገጡን። ሳቁን ዋጥነው። ያኔ ሳቅም ይመረመራል።

ስለዚህ ጋሽ ኪዳኔ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ኪዳኔ ከትግራይ መጥተው ፒያሳ ላይ ሃያ ዓመት የኖሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። «ወደይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የኪሴን ልክ ሰምተው አልሳቁብኝም። «ትልቅ አትመኝ» አሉኝ። «ለአንድ ክፍል ትንሽ አምፕሊፋየር ትበቃለች። ገንዘብህን ስፒከሩ ላይ አውለው፤ ጆሮህ የሚሰማው እሱን ነው። ሳጥኑ ወፍራም እንጨት ይሁን። ደግሞ ጭነቱን እወቅ። አምፕሊፋየር በቅሎ ነው፣ ወደይ፤ ለአንድ ሰው በተሠራ በቅሎ ሁለት ብታፈናጥጥ መንገድ ላይ ይተኛብሃል።» ከአሮጌ ዕቃ በርካሽ ሊገጣጥሙልኝ ቃል ገቡ። ሁለት ሳምንት ታገሥ አሉኝ።

ሁለት ሳምንት! እኔ ግን ለእሑድ ፎክሬ ነበር። ለኳሱ። «እሑድ የአትክልት ተራ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ጨዋታውን ከኔ ቤት ይሰሙታል!» ብዬ በግቢው ፊት። አራዳ ነኝ ባይ ምላሱ ከቀደመ እግሩ የት ይደርሳል?

የቀበሌው አዳራሽ አምፕሊፋየር ጋሽ ኪዳኔ ዘንድ ለጥገና ገብቶ ነበር። ቅዳሜ እንዳመጣው የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ኪዳኔ ዓይኔ እያየ ሞከሩት። ማይክሮፎኑን ያዙና «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» ብለው በትግርኛ ቆጠሩ፤ ከዚያ በሩን ገልመጥ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ። እንደ ደወል ጠራ። እኔ ሰማሁት። በነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰማሁት። ከዚያም ወደ አዳራሹ መውሰዱን ትቼ ቤቴ ወሰድኩት።

እሑድ ከቴሌቪዥኗ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሽቦ ስቤ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያመጣሁትን የቀበሌውን አንድ ስፒከር ቀጠልኩ። አቤት ድምፅ! እትዬ ጥሩነሽ፣ «ኳሷ ራሴን እንዳትመታኝ» ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ። በዚህ ባቆም ምን ነበረበት? ከእረፍት በኋላ ግን ውቤ በረሃ ቡና ቤት ያለው ወዳጄ ያዋሰኝን ሁለተኛ ስፒከር ቀጠልኩበት። እኔ ነኝ የቀጠልኩት። የበቅሎው ነገር ጆሮዬ ላይ ገና አልደረቀም፣ እኔ ግን ቀጠልኩ። ጨዋታው ሳያልቅ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣና ድምፁ ሞተ። ቶሎ ብዬ ቴሌቪዥኗንም አጠፋኋት፤ ጎረቤቱ መብራት ሄደ ብሎ ተበተነ። ሲቀዘቅዝ ብሞክረው ድምፁ ተመለሰ፤ ጉሮሮው የታመመ ቢሆንም ተመለሰ። ለማታለል ይበቃል። ሰኞ በማለዳ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ ስብሰባ ነበር። ጓድ ሊቀመንበሩ ንግግራቸው መሃል ሲደርሱ አምፕሊፋየሩ እንደ ውሻ አላዘነና ጭስ ተፋ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እዚያ ሳቅ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «አሻጥር ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ። ማን ጠገነው? ኪዳኔ። ከወዴት ነው? ከሰሜን። በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ምስክር አይፈለግም ነበር። በአብዮት ጠባቂዎች አስመጧቸው፤ በእጃቸው የሥራ ፒንሳቸውን እንደያዙ ነው የመጡት።

«ጓድ» አሉኝ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረው፤ «ስትረከበው ይሠራ ነበር?»

ጋሽ ኪዳኔ አዩኝ። እኔ ጫማቸውን አየሁ።

«አልተሞከረም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ይኸው ነው ያልኩት። ሦስት ቃል የሰው ቤት ለመዝጋት እንደሚበቃ ያን ቀን ተማርኩ። ጋሽ ኪዳኔ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔን አዩ፤ መልሰው ገጠሙት። ለምን? ራሩልኝ ልበል? እንዲህ ብዬ ራሴን ላባብል? ወይስ ማንም እንደማይሰማቸው ስለሚያውቁ ነው? አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።

የቀበሌው እስር ቤት አስገቧቸው። ቀን በቀን ሚስታቸው ምሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ሳህኑን የምቀበለው እኔ ነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ሳህኑ ይሞቃል፣ እጄ ይቀዘቅዛል። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሊወስዳቸው የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ወደ ከፍተኛ የተላለፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አልነበረምና። በየቀኑ ጠዋት «ዛሬ እናገራለሁ» እላለሁ። ማታ ደግሞ «ነገ»። ቴሌቪዥኗን መክፈት ተውኩ፤ ለጎረቤቱ ተበላሽታለች አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን ሲያፈናጥጥ በቅሎው እኔ ሆንኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተለቀቁ። ንጹሕ ሆነው ስለተገኙ እንዳይመስላችሁ። ትልቅ ስብሰባ ደርሶ አምፕሊፋየሩን የሚጠግን ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው። ጋሽ ኪዳኔ ከፈቱት፣ ውስጡን አዩ፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ላቤ ሲወርድ አዩ። ለሊቀመንበሩ፣ «አርጅቷል፣ ጓድ፤ ሌላ ምክንያት የለውም» አሉ። ጠግነውም ሰጡ።

በሳምንቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ልናገር ነበር። እምላለሁ ልናገር ነበር። በሩን ሳልሻገር፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ በዝግታ ጠየቁኝ፦

«ወደይ፣ ስንት ስፒከር ቀጠልክበት?»

«የምን ስፒከር?» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየርና ወፍራም የእንጨት ሳጥን አወጡ። የኔ ናት። ቃል የገቡልኝ። ከእስር ወጥተው ጨርሰዋታል። «አንድ ብቻ ቀጥልበት» አሉኝ። ዋጋዋን ከፈልኩና አቅፌ ወጣሁ። አመሰግናለሁ እንኳ ያልኩ አይመስለኝም።

ድምፅዋ እንዴት ያማረ ነበር! ለዓመታት ግቢው ሁሉ በእሷ ሰማ፤ እኔ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ የሳቸውን ጥያቄ ሰማሁ። ሱቁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጋ። ወደ አገራቸው ገቡ ያለ አለ፣ ሌላ ያለም አለ። አጣርቼ አላውቅም፤ መልሱን ፈራሁት።

ዘመኑ ነው አትበሉኝ። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ አልዋጥ አለኝ እንጂ። ሁለተኛውን ስፒከር የቀጠለው ዘመኑ አይደለም። «አልተሞከረም» ያለውም ዘመኑ አይደለም፤ የኔ ምላስ ነው፤ ዛሬም ቀልድ የምታበዛው ይህችው ምላስ። ይቅርታውን እናንተ ልትሰጡኝ አትችሉም፣ የናንተ አይደለማ። የሱቁን ልጅ ነገ ሄጄ «አንድ» እለዋለሁ። የጋሽ ኪዳኔ ግን አለብኝ። አንዲት ቁጥር ናት የጠየቁኝ፣ እሷን ሳልሰጣቸው አረጀሁ።

ሁለት ነው፣ ጋሽ ኪዳኔ። ክልተ።