ኤሲው ከተሠራ ወዲህ

እኔ ሙቀት አልችልም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የመኪናዬን ኤሲ ያሠራሁት ለእናቴ ብዬ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት።

እናቴ የካዛንቺስ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ ትኖራለች። ሐሙስ ሐሙስ ለጉልበቷ ሕክምና ቡልጋሪያ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ አደርሳታለሁ። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ኤሲዋ ከገዛኋት ጀምሮ ያፈሳል። ጋዝ አስሞላለሁ፣ ለጥቂት ሳምንት ትቀዘቅዛለች፣ ከዚያ ደግሞ የምድጃ አፍ የመሰለ አየር ፊቴ ላይ ትነፋለች። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ የሚያፈስበትን ሳንፈልግ ጋዝ ብቻ እንሞላለን።

ዘንድሮ ግን መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ አቧራው ሲብስ መስኮት ከፍቶ መሄድ ምርር አለኝና ቄራ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ትንሽ ጋዝ ሞልቶ ቱቦዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባባቸው። ከፊት ለፊት አንድ መጋጠሚያ ላይ አረፋው ሽቅብ መፍላት ጀመረ። የተበላውን ቱቦ በየደ፣ ያረጀውን የላስቲክ ቀለበት ቀየረ፣ ውስጡ የቀረውን አየር በፓምፕ መጥጦ አወጣና አዲስ ጋዝ ሞላ።

"መስኮቱን ዝጋና ሞክረው" አለኝ። ዘጋሁት። ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኔ መኪና መስኮት መክፈት ነውር ሆነ።

ያላሰብኩት የእናቴን ጓደኛ ነው። ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ የተጋራናቸው የወሎ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ቤቱ ወደ ክሊኒኩ በምንሄድበት መንገድ ዳር ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወንበራቸውን አውጥተው ደጃፍ ላይ ይጠብቁናል። እዚያ መኪና ማቆም አይቻልም፣ እናቴም በዚያ ጉልበቷ ወርዳ መውጣቱ ስቃይ ነው። ስለዚህ የመኪናው ሰልፍ ሲያዘግመን በመስኮት "እንዴት አደርሽ፣ እህቴ?" ትላቸዋለች። እሳቸውም "አልሐምዱሊላህ! ጉልበትሽስ?" ይላሉ። ከኋላችን ክላክስ እስኪጮህ ድረስ በዚያችው ይጫወታሉ። ስልክ ላይ ሁለቱም መጮህ እንጂ መጫወት አያውቁበትም።

ኤሲው እንደተሠራ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ደጃፉ ጋ ስንደርስ እናቴ እጇን ወደ መስኮቱ መክፈቻ ሰደደች።

"እማዬ፣ ተይው፤ አቧራው ይገባል። እጅሽን አውለብልቢላቸው" አልኳት።

አውለበለበች። ሴትዮዋ እንደማያዩ ረስቼ አልነበረም። በቃ፣ ግድ አልሰጠኝም። በሚቀጥሉት ሐሙሶች እናቴ መስኮቱን አልነካችውም። ለአንቺ ብዬ ነው ያሠራሁት ብያት የለ? በይሉኝታ ታስራ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ደርባ ዝም አለች። ዝምታዋ ቀስ በቀስ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩና ይቅርታ ልጠይቃቸው ብቻዬን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። በዚያ ሰዓት ሳይጠራ የሰው በር የሚያንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። እኔ ግን ሳላስበው አንኳኳሁ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው እሳቸው ራሳቸው ከፈቱልኝ።

"እማማ፣ እንዴት አደሩ? እኔ ነኝ።"

ድምፄን ለዩት። ከአጠገቤ ሌላ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። ከዚያ ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"መርዶ ነው! እኔኮ አውቄው ነበር፤ ድምፅዋ ሲጠፋብኝ አውቄው ነበር! ማንን እጠይቃለሁ? ሟርት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት። ወይኔ እህቴን!" ብለው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

"ኧረ እማማ፣ ደህና ናት! ምንም አልሆነችም!"

ይህን ማለቴ ባሰ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ጎረቤቱ ከየቤቱ ወጣ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች። አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻዬን ያዙና "አይዞህ፣ በርታ ልጄ" አሉኝ። ከጎረቤት ግቢ ለለቅሶኛ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወጡ። ምን ልበል? ሙቀት ስለማልወድ ነው ልበል?

እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማት ስፒከር ላይ አደረግኳት።

"እማዬ፣ በናትሽ ተናገሪ! ድምፅሽን አሰሚያቸው!"

እሷ ግን ለቅሶውን ሰማች። ጓደኛዋ "ደጓ እህቴ፣ ሳትሰናበቺኝ፣ አፈር ሳላለብስሽ" ይላሉ። እናቴ የራሷን ለቅሶ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች።

"እኔን ነው?" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ለቅሶው ተቋረጠ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

"አለሁ እኮ፣ እህቴ" አለች እናቴ እያለቀሰች። "በየሐሙሱ በደጅሽ ሳልፍ ነበር።"

ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።