እናቴ የመረጠችው የበር ቀለም

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ፣ እናቴ አዲስ በሠራችው ቤት፣ ቀለም ቀቢው እሷን አልፎ፣ «በሩን ምን ቀለም ላድርገው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ከዳባት የመጣሁት ለዚሁ ስለነበር ስልኬ ላይ ሦስት ዓይነት ቡኒ መርጬ ይዤ ነበር። እንደ እኔ መምህር ስትሆን ሁሉን የምታውቅ ይመስልሃል።

አፌን ሳልከፍት እናቴ፣ «ልጄ፣ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔን ጠይቀኝ» አለችው።

ሰውዬው አፈረ። «ይቅርታ እማማ። እርስዎ የትኛውን ይወዳሉ?»

«ቢጫ።»

«ቢጫ እኮ ቶሎ ይቆሽሻል። የክረምቱን ጭቃ ያውቁታል።»

«የሰው ቤት ሳጥብ ነው ያረጀሁት። የራሴን በር ማጠብ ይከብደኛል?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናቴ የእንግዳ ማረፊያ ወለልና አንሶላ እያጠበች ነው ያሳደገችን። ስድስት የኪራይ ቤት ቀያይረናል፤ የአንዱንም በር ቀለም መርጣ አታውቅም። ይህን ቤት ግን ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው በራሷ ላብ አቆመችው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ቢጫ ተቀብቶ ሲያልቅ መንገዱን ተሻግራ ቆማ አየችው። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች፣ «ይኼ ያማረው የማን ቤት ይሆን?» ሲባባሉ ሰማች።

«የእኔ ነው» አለቻቸው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ልጇ በመሆኔ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

የእናንተን ቤት በር ቀለም የመረጠው ማነው? እስቲ አጫውቱኝ፤ ለእናቴ አነብላታለሁ።