ሦስተኛው ክንፍ

ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲለኝ ኖሯል። በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እኔ የንድፍ ሥዕል፣ እሱ ብረታ ብረት። በዕድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። የክፍል ኃላፊ የሆነው እኔ ሦስት ወር ተቀምጬ የሳልኩትን የእህል ወፍጮ ንድፍ፣ ስሜን አንስቶ የራሱን ጽፎ ለኮሚቴ ካቀረበ በኋላ ነው። ከሹመቱ ማግስት ጀምሮ እኔ «እርስዎ» ስለው፣ እሱ «አንቺ» ሲለኝ ጡረታ ወጣን። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያንን ለመናገር ነበር። ስጽፈው ግን የሚያሳፍረው ታሪክ የእሱ ሳይሆን የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

ከጡረታ በኋላም አልተላቀቅንም። ቀበና ባለች አንዲት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን አብረን እናመልካለን። እኔ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ እመጣለሁ፤ እሱ ከወንዙ ማዶ በእግሩ። የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች የሳይንስ ቡድን አቋቁመው ሮኬት ሊሠሩ ሲነሡ ሁለታችንንም አማካሪ አደረጉን። ሮኬት ስል የሕፃን መጫወቻ ማለቴ አይደለም። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ በፓራሹት ይወርዳል። ክፍሎቹ በሳጥን ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ልጆቹ «ኪት» ይሉታል፤ መገጣጠሙ ግን የእጅ ሥራ ነው። ሞተሩንና ፈቃዱን ወጣቶችን የሚረዳ አንድ ተቋም ሊያመቻች ተስማማ። የእኛ ድርሻ ኪቱን መምረጥና መገጣጠም ነበር።

ሁለት ዓይነት ቀረበልን። የአንዱ ቱቦ ወፍራም ካርቶን፣ ክንፎቹም ስስ ጣውላ ናቸው። ሌላው ከአናቱ እስከ እግሩ ፋይበር ግላስ ነው። እሱ ካርቶኑን መረጠ።

«ካርቶን ማጣበቂያ ይጠጣል» አለ ለልጆቹ። «ትንሽ ብትሳሳቱም ይችላችኋል። ይሄኛው እንደ ሰሃን ልሙጥ ነው፤ በደንብ ካልተፋቀና ካልጸዳ ምንም አይዘውም።»

«እርጥብ ሣር ላይ ሲያርፍስ?» አልኩት። «አንዴ ዝናብ ከነካው ያብጣል። የተጣለ የጫማ ካርቶን ልታስወነጭፉ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የማይሰበር ነገር ነው የምትፈልጊው።»

«ሃያ ዓመት ከእርስዎ ጋር ሠርቼ ሌላ ምን ልፈልግ?»

አሁንም ሳቁ፤ በድምፅ ብልጫም የእኔ ተመረጠ። ምርጫዬ ልክ ነበር፤ ዛሬም እከራከርበታለሁ። ግን እሱ ፋይበር ግላሱን ቢመርጥ ኖሮ እኔ ስለ ካርቶን ቅለት እናገር እንደነበር አውቃለሁ።

ሥራው የተጀመረው ኅዳር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። ዋናዋ ሠራተኛ የእሱ የልጅ ልጅ ነበረች፤ የምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ እጇ የረጋ፣ ወሬ የማታበዛ። እኔን «እትዬ» ትለኛለች። ኤፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ሁለት ፈሳሽ በልክ ተመዝኖ የሚቀላቀል ነው፤ እሷ በትንሽ የኩሽና ሚዛን ትለካዋለች። ክንፎቹ የሚገቡበትን ቦታ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ በሳሙና አጥባ፣ በአልኮል ትወለውለዋለች። ሁለቱን ክንፎች በዚህ ዓይነት አጣበቀቻቸው። ሦስተኛውን እኔ ላጣብቅ አልኩ። እጄ ከሥራ ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ አማረኝ።

ኅዳር ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጣቶቼን ይሰነጥቃቸዋል። ከቦርሳዬ ቅባት አይጠፋም፤ በተቀመጥኩ ቁጥር እቀባለሁ። ያን ቀንም ተቀብቼ ክንፉን ላነሣ ስል እሱ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

«አንቺ፣ እጅሽን ታጠቢ እንጂ! ቅባት ነው እኮ።»

ይህን ያለኝ በልጆቹ ሁሉ ፊት ነው፤ ከጨዋታ ለምሳ የተጠራች ሕፃን የሆንኩ ይመስል።

«እጄ ንጹሕ ነው» አልኩ።

ልጅቷ ሮጣ ጆግና ሳሙና ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ላስታጥብዎት?»

«አያስፈልግም አልኩ እኮ!»

ጆጉን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቅባት ማጣበቂያን እንደሚያበላሽ ጠፍቶኝ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን በቅባት እጅ ወረቀት እንዳይነኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን «አንቺ» ብሎኝ ታጥቤ ልነሣ? ክንፉ የሚገባበትን የቱቦውን ስንጥቅ ዙሪያውን በጣቶቼ ዳበስኩ፤ ማጣበቂያ ቀብቼ ክንፉን አስገባሁት፤ በመጋጠሚያው ዳር ያለውን ማጣበቂያ በአውራ ጣቴ ከላይ እስከ ታች አለሰለስኩት። ከሦስቱ የእኔው በጣም ያማረ ሆኖ ወጣ።

ጥር ላይ በሚኒባስ እንጦጦ ማርያምን አልፈን፣ ከተራራው ማዶ ወደ ሱሉልታ ካለው ሜዳ ወረድን። አዝመራው ታጭዷል። የተቋሙ ሰዎች ሮኬቱን በማስወንጨፊያው ሐዲድ ላይ አቁመው እኛን ሩቅ መስመር ላይ ደረደሩን። ቆጠሩ። ድምፁ ደረቴን መታኝ፤ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ከሮኬቱ ተነጥላ ብልጭ አለች፤ ሮኬቱ አቅጣጫውን ስቶ ተጥመለመለና ሰው የሌለበት እርሻ ላይ ወደቀ።

ሁሉም ወደ ሮኬቱ ሮጠ። እኔ መሮጥ ስለማልችል ብልጭ ያለችው ነገር ወደ ወደቀችበት በኩል ብቻዬን ሄድኩ። ገለባው ላይ አገኘኋት፤ ሦስተኛው ክንፍ። ደርቆ የጠነከረው ማጣበቂያ እንደ ልጣጭ ሙሉውን አብሯት ተላቅቋል፤ የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ያበራል። የላይኛው ፊት ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ነበር። ድሮ ንድፍ ላይ የተሳሳተ ቀለም በምላጭ ስፍቅ የቆረጠኝ ጠባሳ አለኝ፤ እሱም በአሻራው መሐል ተጋድሞ ይታያል።

ክንፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቱቦው ሳይሰነጠቅ ነው የተገኘው። የመረጥኩት ኪት ጠንካራ ነበር። ልጅቷ አጠገቡ አፈር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ኤፖክሲውን አሳስቼ መዝኜው ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም እንኳ ምንኛ መልካም ነበር። እሁድ ግን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ምስክርነት እግዚአብሔር ያደረገልህን በጉባኤ ፊት የምትናገርበት ነው፤ ማንም አይጠይቅህም፣ ማንም አያርምህም። ማይክ ተሰጠኝ። ጌታ ከትልቅ አደጋ እንደ ጠበቀን፣ ወጣቶቻችን ሲመዝኑና ሲለኩ ጥንቃቄ እንዲማሩ፣ አያቶቻቸውም በጉብዝናቸው ከመመካት ይልቅ እንዲያስተምሯቸው ተናገርኩ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። ልጅቷ ከመዘምራን መሐል አንገቷን ደፋች። እኔ ግን የማየው እሷን አልነበረም። እሱን ነበር። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ፤ ደስም አለኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይህ ደስታ ነው።

ልጅቷ ወደ ቡድኑ መምጣት ተወች። ከልጆቹ አንዷ «ትምህርት ክፍሏን ልትቀይር ነው፤ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም ትላለች» አለችኝ። ክንፉ ኩሽናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቢላዎቹ ጋር ነበር። ሽንኩርት ልከትፍ ስል አገኘዋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ቤታቸው ሄድኩ። እሱ ከፈተልኝ። ክንፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎ አውራ ጣቴን አየ። ልጅቷን ጠራት።

«ሚዛንሽ ልክ ነበር» አልኳት። «ቅባቱ ነው። የእኔ እጅ ነው። ክንፉን የዚያኑ ቀን አግኝቼው ነበር።»

ክንፉን አልነካችውም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሌቱን ደጋግሜ ስሠራ ነበር» አለች። «አሁን ለእኔ ብቻ ለምን ይነግሩኛል? ያኔ የተናገሩት በማይክ ነው።»

እሱ እስከ በሩ ሸኘኝ። ሲያፌዝብኝ የምመልስለትን እያዘጋጀሁ ነበር፤ አላፌዘም።

«እሁድ ይምጡ» አለኝ። «እርስዎ ያሉትን እርስዎ ነዎት የሚያነሡት።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። ለካ ሰውን ከቤት ለማስወጣትም ያገለግላል።

እሁድ እጄን አወጣሁ። የጉባኤ መሪው «እናታችን ዛሬም ምስክርነት አላቸው፤ ጌታ ይባርክዎት» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ክንፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፍ አደረግሁ። ያለፈው ምስክርነቴ ሐሰት እንደነበር፣ ልጅቷ በትክክል እንደ ሠራች፣ እጅሽን ታጠቢ ተብዬ በእልኸኝነት እንዳልታጠብኩ፣ ማስረጃውንም እንደ ደበቅሁ ተናገርኩ። የወፍጮው ንድፍ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስጨርስ፣ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አሜን ይባል አይባል ያወቀ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «አ...» ብለው ጀምረው ተዉት።

ወደ ቦታዬ ስመለስ በመዘምራኑ አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ልትጨብጠኝ መስሎኝ እጄን ሰጠኋት።

«ክንፉን ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይስጡኝ። አዲስ ለመቁረጥ ልኩ ያስፈልገኛል።»