የልጄ ልጅ የተነፈገችው መርዶ

በደል ተብሎ እንዲቆይልኝ የምፈልገው ይኸ ነው፤ ልጄ ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰለት፤ የገዛ ሴት ልጁን ግን «አባትሽ ጅቡቲ ሄዷል» ብለው ዋሿት። ክፉ ሰዎች አድርገውት ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም አልደክምም ነበር። ያደረጉት ድንኳን የሚተክሉ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ሳይጠሩ የሚደርሱ፣ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ለራሳቸው ሲነግሩ የሚውሉ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ልጄ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሚስቱ ልጅቷ እንደ እኩዮቿ ቶሎ አፏን እንዳልፈታች ስታይ ጥላቸው ሄደች፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም። ልጅቷን እኔና አባቷ አሳደግናት። አሁን ሙሉ ሴት ናት፤ በቁመት ትበልጠኛለች። ያለባትን ሐኪሞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይሉታል። ሰፈሩ «ምስኪን» ይላታል። ምስኪን ማለት በእኛ ሰፈር ፊት ለፊቱ ስለ እሱ ሲያወሩ የማያፍሩበት ሰው ነው። አፏን ሞልታ እየበላች «ትበላለች?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል።

ነገር የሚገባት በአጭሩ፣ በቀስታ፣ አንድ በአንድ ሲነገራት ነው። አባቷ ይህን ያውቅ ነበር። ከአየር ጤና ኮልፌ በታክሲ ብቻዋን መሄድ ሲያስተምራት መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ከኋላዋ ወንበር፤ በመጨረሻ ፌርማታው ላይ ቀድሞ ወርዶ ጠበቃት። ዛሬ ረዳቱ ያለ ፌርማታዋ ሊያወርዳት ቢሞክር ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም።

ልጄን መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ገደለው። ለእኔ መርዶው በወጉ ተነገረኝ። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአንድነት ገቡ። ወጉ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ሰው አፍ ብቻውን ሞትን አያሳምንም። ብዙ ሆነው ሲመጡ ግን መካድ አይቻልም፤ ሲወድቁም የሚደግፍ እጅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጥርቼ አላስታውስም። ልጅቷን ያየሁት ቀብሩ አልፎ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ሲበተን ነው። ለካ «እንዳትረብሽ» ብለው ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ ቤት ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋት ኖሯል። እንደተመለሰች የአባቷን ሳህን አወጣችና ከራቷ ግማሹን ከፍላ ከደነችለት።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«አባዬ ከጅቡቲ ሲመጣ ይርበዋል።»

«ጅቡቲ ሄደ ያለሽ ማነው?»

«ሁሉም።»

እዚያው አስቀምጬ ነገርኳት። መኪናው ተገለበጠ፣ አባትሽ ሞተ፣ ቀበርነው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«የእድሩ ሻምበል ጅቡቲ ነው ብለዋል። አክስቴም ብላለች። ማዶ ያለችውም ብላለች። ሞተ ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ምን ልበላት? ሁሉም አንድ ቃል ተናግረዋል፤ እኔ ብቻዬን ሌላ ተናገርኩ። ማንም ሰው በእሷ ቦታ ሆኖ ብዙዎቹን ያምናል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ቀይራ አየር ጤና ሄደች፤ አባቷ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን የሚያሳድርበት ጋራዥ በር ላይ ቆመች። በሳልስቱም ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የየዕለት ሥራዋ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ከበሩ አትሸሽም፤ ካላየኝ ያልፈኛል ትላለች።

መጀመሪያ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እማማ፣ ምን ላድርግ? አባዬ የት ነው ስትለኝ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።»

«እንግዲያው ነይና አፍሽ ላይ የመጣውን መልሺው።»

«ኸረ እኔ! ብትጮህብኝስ?»

«ትጩሃ! አንቺ ወንድምሽ ሲሞት ሰፈሩን አናውጠሽው የለም እንዴ?»

ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ቀጥዬ ሴት ልጄን፣ አክስቷን፣ ያዝኳት። ጴንጤ ናት፤ በየንግግሯ ጣልቃ ጌታን ሳትጠራ አትውልም።

«እማዬ፣ እሷ እኮ ደስተኛ ናት። ሰላሟን ለምን ትነሻታለሽ? ቸርች እየጸለይንላት ነው።»

«ምን ብላችሁ?»

«ጌታ እንዲያጽናናት።»

«ከምን? አንቺ እንደሆንሽ ማንም አልሞተባትም ብለሻታል።»

ደስተኛ ናት የምትላት ልጅ በዚያች ሰዓት ጋራዡ በር ላይ ዝናብ እየመታት ነበር።

የቀሩት ሻምበል ናቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጦሩን ከለቀቁ ዘመን ሆኗቸዋል፣ እኛን ግን እስካሁን በሰልፍ እንደቆምን ያዙናል። ስብሰባው ላይ ተነሳሁና «ለልጄ ልጅ መርዶ ይነገርልኝ፤ በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የዋሿት ሰዎች ሁሉ ባሉበት» አልኩ። የሳቁም ነበሩ።

«እትዬ፣ ለአንድ ሞት ሁለት መርዶ የት አገር አይተው ያውቃሉ?» አሉ ሻምበል።

«ለእሷ የመጀመሪያዋ ነው።»

«አይገባትም እኮ። እኛም አዝነንላት ነው።»

«ሐዘንዎን ለራስዎ ያድርጉት። ጅቡቲ ሲሏት ገብቷታል አይደል? ጅቡቲ የገባት ሰው ሞተ አይገባትም?»

ከኋላ አንዱ «ይኸስ እውነት ነው» አለ። ሻምበል ገላመጡትና የእድሩ ደንብ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም አሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ደንብ የሚባለውን ግን ከብዙ የተማረ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ቁም ሳጥን ነው።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ጋራዡ በር ላይ አብረዋት ይቁሙ» አልኳቸው። «ጅቡቲ ያሉት እርስዎ ነዎት። መቼ እንደሚመጣም ይንገሯት።»

አልተቀመጥኩም። የድንኳን ጥገና ጉዳይ ተነሳ፤ እኔ ቆሜያለሁ። የወንበር ጉዳይ ተነሳ፤ እንደቆምኩ ነኝ። ሰዉ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ሻምበል «እሺ፣ ሐሙስ ጠዋት» አሉ፤ ጥርሱ የሚነቀል ሰው ነበር የሚመስሉት።

አስቀድሜ አስጠነቀቅኳቸው። እግዜር ጠራው፣ ሩቅ አገር ነው፣ የሚባል ነገር የለም፤ ሞተ በሏት። አንድ ሰው ይናገር። ከተናገረ በኋላ ሁላችሁም ዝም በሉ፤ እስክትጠይቅ ጠብቁ። ይህን ማስረዳት ከእሷ ይልቅ ለእነሱ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እሷ አልጋዋ ላይ ተነስታ ተቀምጣለች። ሻምበል ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አባትሽ ሞቷል። ጅቡቲ ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ሌላ ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በዓይኔ መለስኳቸው። እሷ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ሞቷል» አለች ልጄ።

ወደ ጎረቤቴ ዞረች።

«ሞቷል፣ የኔ ቆንጆ። እኔም ዋሽቼሽ ነው።»

ሁሉንም ተራ በተራ ተመለከተች። እንግዶቹ ይቁነጠነጡ ጀመር፤ ዝምታ የሚያስጨንቀው ሁልጊዜ ዋሾን ነው።

«የት ነው ያለው?»

«መቃብር ውስጥ» አልኳት።

«ይበርደዋል?»

«የሞተ ሰው አይበርደውም። አይርበውምም።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ማንም ሳያስተምራት ደረቷን መታች፤ እኔ በዚያው ቤት በዚያው ሰዓት ደረቴን እንደመታሁ። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ ገፋቻቸው።

«ሁላችሁም ቀብራችሁታል! እኔ ልጁ ነኝ፣ ለምን እኔ ሳልቀብረው?»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ታለቅሳለች። ልጄ ስለ ጌታ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እግሯ ሥር ተቀምጣ እጇን ያዘቻት፤ በስተመጨረሻ ልጅቷ እጇን እንድትይዝ እሺ አለቻት።

ፀሐይ ስትወጣ ሻምበል ለመሄድ ተነሱ። እኔ በሩን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ከዘራቸው አጠገቤ ነበርና አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።

«ሻምበል፣ ገባት ወይስ አልገባትም?»

«እንግዲህ፣ እትዬ፣ ሐዘን ነውና...»

«ሐዘን መሆኑን አውቃለሁ፤ የሞተው ልጄ ነው። የጠየቅኩዎት ሌላ ነው።»

ዞረው ወደ ውስጥ አዩአት። ድምፅዋ እስከ መንገድ ይሰማል።

«ገብቷታል፣ እትዬ» አሉ። «እስቲ አሁን ከዘራዬን ይስጡኝ።»