ቀዩን በጣት

በእኛ ቀበሌ የሺሃረግን የማያውቅ ቡና ለቃሚ የለም። እሸት ቡና የምትረከበው እሷ ናት። አረንጓዴ ፍሬ ቀላቅሎ ሊያሳልፍ የሞከረን ሰው ቅርጫቱን ገልብጣ አንድ በአንድ ታስለቅመዋለች። እኔንም ሰው ፊት አስለቅማኛለች፤ እስካሁን አልረሳሁላትም።

ክረምት ላይ የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። የጤና ጣቢያው አሞጽ፣ ዶክተር ባይሆንም ሁላችንም ዶክተር ነው የምንለው፣ መድኃኒት አስጀመራት፤ ሳሉም ለቀቃት። ብዙ ሳይቆይ ልጇ ሔርሜላም ታመመችና ያንኑ መድኃኒት ጀመረች።

ለቀማው ሲደርስ የሺሃረግ ፍሬውን በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ እየጨመቀች መረከብ ጀመረች። የበሰለው ይለሰልሳል፣ ጥሬው ይጠነክራል። እኛ “እርጅና መጣ” ብለን ሳቅንባት። እሷ ግን ፈርታ ነበር። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ደብዛዛ ሆነውባታል።

ቦንጋ ሄዳ የዓይን ሐኪም አያት፤ ዓይንዎን የጎዳው ይህ ነው ብሎ ከክኒኖቹ አንዱን አስቆማት። “እይታዎ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል” አላት። እስቲ በዚህ መልስ ማንን እንቅልፍ ይወስደዋል!

ከዚያው ጠበቃ በዛብህ ቢሮ ገባች።

“ካሳ ጠይቆ መክሰስ ይቻላል፤ ለባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከትም ይቻላል” አላት። “ግን እትዬ፣ መድኃኒቱ ጎዳኝ ማለት ብቻውን አያስፈርድም። የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው መድኃኒት የለም። የሚያስጠይቀው ጥፋት ነው። ዓይን ሊነካ እንደሚችል ነግረውዎት ነበር?”

“ማንም አልነገረኝ።”

“ለውጥ ካዩ ቶሎ ይምጡ አላሉዎትም?”

“ኧረ በማርያም! ቢሉኝማ ምን ያስቀምጠኝ ነበር?”

በዛብህ ቀና ብሎ አያት። “ቤትዎ ውስጥ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሌላ ሰው አለ?”

የሺሃረግ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣችና ባጃጅ ያዘች። አሞጽን ከከሰሰች ለልጇ መድኃኒት የሚሰጣት ማን ነው? ዝም ካለችስ?

ሔርሜላን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከጓሮ ሁለት ፍሬ ቀጠፈች፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጠንካራ። በመዳፏ ዘረጋችላት።

“ቀዩ የቱ ነው?”

ልጅቱ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየች። “ይኼ... አይደል እማዬ?”

ያነሳችው ጠንካራውን ነው። የሺሃረግ ተቀብላት፣ ይለሰልስ ይመስል ደጋግማ ጨመቀችው።

ልጇን እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ፍሬውን አሞጽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

“ዶክተር፣ ልጄ ይህን ቀይ ነው አለችኝ።”

አሞጽ አረንጓዴውን ፍሬ አየ፤ ከዚያ ልጅቱን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። “ምነው ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ?”

“ማን ነበር ለማን መንገር የነበረበት?” አለችው የሺሃረግ። “የኔን ጉዳይ ጠበቃ ይይዘዋል። የልጄን ግን ይኸው፣ እኔ ነገርኩዎት።”