ዕድሜ ልክ የተሰጣቸው ሽማግሌ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ላንድማርክ በሚባለው የገበያ ማእከል ዙሪያ ከሚኖረው ሐበሻ ቤዝቦልን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቅ ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰው ሁሉ የሚልካችሁ ወደ እኔ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ነው ብትሉም የሚያስተባብለኝ አታገኙም። እንግሊዝኛን የተማርሁት ታክሲ ስነዳ ከሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ የሚያወራው ስለ ቤዝቦል ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ጣቢያ ሲቀይሩ እኔ አልቀየርሁም። ጨዋታውን ሳላየው በጆሮዬ ብቻ ጨረስሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ስገባ አዲስ የሆነብኝ የሣሩ አረንጓዴነት ብቻ ነበር።

ዋሽንግተን የራሷን ቡድን ባገኘች ጊዜ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሱቆች በነጻ በምትታደል ወርኀዊ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ቤዝቦል መጻፍ ጀመርሁ። ለጨዋታው የአማርኛ ቃል ስላልነበረው ቃሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ኳሷን የሚወረውረውን ወርዋሪ፣ በዱላ የሚመታትን መቺ፣ ሯጩ ሜዳውን ዞሮ ሲመለስባት ነጥብ የምታስቆጥረውን ነጭ ሰሌዳ ደግሞ ቤት አልኋት። መጀመሪያ ላይ “ቤት ገባ” ብዬ ስጽፍ ተጫዋቹ ተቆጥቶ ከሜዳ የወጣ የመሰላቸው ነበሩ። አሁን ታክሲ ተራው ሁሉ እንደዚያ ይላል።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በታክሲዬ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ቤዝቦል ለጋዜጣ የጻፉ፣ ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ የጫንኋቸው ቀን ሬዲዮው ላይ ያለው ተንታኝ ተሳሳተና እኔ አረምሁት። ከኋላ ሆነው ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ስታዲየም ሲሄዱ ሌላ ሾፌር አልጠሩም። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የቤዝቦል ጸሐፊዎች በየዓመቱ ከመካከላቸው ለአንዱ የሚሰጡት ክብር አለ። ዕድሜውን ሙሉ በደንብ ለጻፈ ሰው ነው። በድምፅ ይመረጣል፤ ውጤቱ ዲሴምበር ላይ ይነገራል። የእሳቸው ስም ከዚህ በፊት ቀርቦ አልፏቸዋል። የሚፈሩት ግን መሸነፍን አልነበረም። ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ይህን ክብር ያገኙት ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ የተቀበሉላቸው ሚስቶቻቸው ናቸው። እሳቸው ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ሌላ አልፈልግም፣ በገዛ ጆሮዬ ልስማው ነበር የሚሉኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ ስማቸው እንደገና ሲቀርብ ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጧቸውም።

ቤታቸው ስሄድ የሚያሰሙኝ ካሴት ነበራቸው፤ እኔ አሜሪካን ከመርገጤ በፊት ያለቁ ጨዋታዎች የተቀዱበት። ተንታኙ ሞቷል፣ ወርዋሪው ሞቷል፣ መቺውም ሞቷል። አንድ ቀን ሕዝቡ ሲጮህ ካሴቱን አቆሙትና፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ስንቱ በሕይወት ያለ ይመስልሃል ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ ስል ጩኸቱ አለመቆሙን አስተዋልሁ። ካሴቱ ቆሟል፤ ጩኸቱ ግን ከግድግዳው ወዲያ ቀስ እያለ ይርቃል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው እንዴ አልኋቸው። የለም፣ እዚያ የሚኖር ሰው ከወጣ ቆይቷል አሉኝ፤ ደግሞም ብዙ የገረማቸው አይመስሉም።

ጋዜጣችን የምትታተመው በወሩ መጨረሻ ስለነበረ ጽሑፌን ቀድሜ መስጠት ነበረብኝ። ውጤቱን ልጠብቅ ብል ወሬው ይበርድብኛል። በዚያ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ አውቅ ነበር፤ በቤዝቦል ግምት ተሳስቼ አላውቅም። ስለዚህ ክብሩን እንዳገኙ አድርጌ ጻፍሁ። ርእሱም በትልልቅ ፊደል “ለአንጋፋው ጸሐፊ ዕድሜ ልክ ተሰጣቸው” የሚል ነበር። ሽልማት የሚለው ቃል ቦታ ስላጣ አስቀረሁት፤ ውስጡን ያነበበ ይረዳዋል ብዬ ነው።

ጋዜጣዋ በወጣች ማግስት ላንድማርክ አጠገብ ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ጎራ አልሁ። ባለ ሱቋ ሽማግሌውን አንዳንዴ ከእኔ ጋር ስለምታያቸው ታውቃቸዋለች። ገና ስገባ ፊቷ ልክ አልነበረም።

“ጋሼ፣ እኚያ ሰውዬ ምን አጥፍተው ነው?” አለችኝ።

“የትኛው ሰውዬ?”

“ፈረንጁ ጓደኛዎ ናቸዋ። በዚያ ዕድሜያቸው ዕድሜ ልክ ይፈረድባቸው?”

ፍርድ ሳይሆን ሽልማት መሆኑን አስረዳኋት።

“ታዲያ እንደዚያ ብለው አይጽፉም? እኔ ማታ ለባሌ አንብቤለት ስናዝንላቸው አመሸን።” ከዚያ ፈገግ አለች። “ለነገሩ እሱንም ዕድሜ ልክ የሸለምሁት እኔው ነኝ።”

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ርእሱን ደግሜ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። በአማርኛ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ዳኛ ብቻ ነው። ቃሉን ለሁለት ስከፍለው ደግሞ የባሰ ሆነብኝ። ልክ ማለት መጠን ነው። ዕድሜህ እስከዚህ ድረስ ነው ተብሎ የተለካ።

ውጤቱ ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ስለ እኔ የጻፍኸውን አምጣልኝ ብለው ነበርና ጋዜጣዋን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አለሳልሶ ያልፋል። እኔ ስተረጉም አላጎድልም። ሁለቱንም ፍቺ ነገርኋቸው፤ የሽልማቱንም፣ የዳኛውንም፣ ልክ የሚለው ቃል መጠን መሆኑንም።

“እንግዲህ ተወስኗል ማለት ነው” አሉ።

“ውጤቱ ገና አልተነገረም” አልኋቸው።

“አንተ ግን ጽፈኸዋል።”

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኮል አደረጉልኝ፤ ወደ ስታዲየሙ ውሰደኝ አሉ። በብርዱ ወራት ዝግ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ወሰድኋቸው። ከወንዙ የተነሣው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። በተዘጋው በር ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ፣ እንዳሉኝ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ነፋስ የለም፤ የሚያልፍ መኪና የለም። በብረቱ ፍርግርግ በኩል ባዶዎቹ ወንበሮች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ።

ከዚያ ሕዝቡ ጮኸ።

ልክ እንደ ካሴቱ ነው። ከሩቅ ይጀምርና ይቀርባል፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ከመቀመጫው ሲነሣ የሚወጣው ድምፅ። ቤዝቦልን የተማርሁት በጆሮዬ ነውና ጆሮዬን የሚያታልለው የለም። ያ ጩኸት ሯጭ ቤት ሲገባ የሚሰማ ነው። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳያቸው ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ በሩ ይመለከታሉ።

“ማነው የገባው?” አልኋቸው።

ወዲያው ስልካቸው ጠራ። ደዋዩ ከጸሐፊዎቹ ማኅበር ነበር። እሺ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት።

“በጆሮዬ ሰማሁት” አሉኝ።

ስንመለስ ሬዲዮ ክፈት አላሉኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ልንገባ ስንል፣ ጨዋታ መሃል እንደሚጠይቁኝ ሁሉ፣ ስንት ለስንት ነው አሉኝ። አሸንፈናል ብዬ መለስሁላቸው። ደጃቸው ደርሼ የኋላውን በር ስከፍት እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። እንቅልፍ አልነበረም። የመጡት የአምቡላንስ ሰዎች እጃቸውን ይዘው ሲያዩ ቀዝቅዟል፤ ካረፉ ቆይተዋል፣ ምናልባት ገና ከስታዲየሙ ሳትነሡ ነው አሉኝ። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ባለ ሱቋ ከዚያ በኋላ፣ ጋሼ፣ ስለ እኔ ደህና ነገር እንኳ ቢሆን እንዳይጽፉ ትለኛለች፤ ግማሹ ቀልድ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጽሑፍህ ነው የጠራቸው ይለኛል። ቃሌ የሰጣቸውን ለምን አይቆጥሩልኝም? የፈለጉትን ሰምተው ነው የሄዱት። ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእኛው የስፖርት ማኅበር ለእኔም የዕድሜ ልክ ሽልማት ሊሰጠኝ እንደወሰነ ሲነግሩኝ፣ ይገባኛል፣ ስሙን ግን ለውጡት አልኋቸው። ሳቁብኝ፤ ለወጡትም።

እንግዲህ በዚህ አገር የሠራሁት ይህ ነው። ያለ መምህር እንግሊዝኛ ተማርሁ። ለቤዝቦል አማርኛ ሠራሁለት። የሽማግሌውን ክብር ከሁሉ ቀድሜ ጻፍሁ። ጥሪው ሲመጣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ካሉበት ወደሚፈልጉት ቦታ አደረስኋቸው። የዕድሜ ልክ ሽልማት ይባል የነበረውን፣ የሥራ ዘመን ሽልማት አስባልሁት፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው እንደዚያ ይላል። ዛሬም ሲልቨር ስፕሪንግ ልገባ ስል ሽማግሌው ከኋላዬ ስንት ለስንት ነው ሲሉኝ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ቢሆንም፣ ሳልመልስ ያለፍሁበት ቀን የለም።